ከስያሜው ይልቅ ማያያዣው፦ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ አጻጻፍ በካርቱም ዐረብኛና በአማርኛ

በካርቱም በዐረብኛ የሚማር ተማሪ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ መጻፍ ሲጀምር በቅድሚያ የሚሰጠው የአነጋገር ቅርጽ ነው። ገጹ በሦስት ርእሶች ይከፈላል፦ «ሙዕጠያት» (የተሰጠው)፣ «መጥሉብ» (የተጠየቀው)፣ «ቡርሃን» (ማረጋገጫው)። በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ መንገዱ የታወቀ ነው። ምክንያቱ በ«ቢማ አንና» ይከፈታል፣ ውጤቱ በ«ፈኢንና» ይቀጥላል፣ መደምደሚያው በ«ኢዘን» ይመጣል። ተማሪው ስለ ጎነ ሦስት ገና ምንም ሳይናገር የእያንዳንዱ ሐረግ ሥራ ምን እንደሆነ በመነሻው ቃል ይታወቃል።

ይህ ቅርጽ በአንድ የትምህርት ሚኒስቴር የተፈጠረ አይደለም። የኤውክሊድ «መሠረታት» በሃሩን አል ረሺድና በአል መእሙን ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ፣ በአል ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ኢብን መጠር ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። ቆይቶም የኢስሐቅ ኢብን ሑነይን ትርጉም በሣቢት ኢብን ቁርራ ታረመ፤ እ.ኤ.አ. በ1248 ነሲሩዲን አል ጡሲ የራሱን ዝግጅት አቀረበ። «ልናሳይ የፈለግነው ይህንኑ ነው» የሚለው የማረጋገጫ መዝጊያ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ሱዳን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃን፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርትን ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ስታዞር፣ ሌላው ነገር አከራካሪ ቢሆንም፣ የማረጋገጫው ዐረፍተ ነገር ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

በአማርኛ በኩል የተደረገው ጥረት በስያሜ ላይ ያተኮረ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ትልቅ ሥራ ነው፤ «ትይዩ»፣ «ዘዌ»፣ «ጎነ ሦስት» የመሳሰሉትም ቃላት በመማሪያ መጻሕፍት ተለምደዋል። ይሁንና እንደ ማንኛውም የሙያ ቃላት መዝገብ ክብደቱን የጣለው በስሞች ላይ ነው። ማረጋገጫ ለመጻፍ የሚቸገር ተማሪ ደግሞ የሚሰናከለው በስሙ አይደለም፤ የሚሰናከለው በግሡ መጨረሻ ላይ ነው።

ነገሩ ከሰዋስው ይመነጫል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ሀለ ከሀመ ጋር እኩል» የሚለው ሐረግ የተሰጠ ይሁን፣ የታሰበ፣ ወይም የተደረሰበት ውጤት፣ አንባቢው የሚያውቀው መዝጊያው ሲመጣ ብቻ ነው፦ «ይሁን»፣ «ከሆነ»፣ «ስለሆነ»፣ «ነው እንበል»፣ «ነው»። አምስቱም ከ«ሆነ» እና ከ«ነው» የወጡ በመሆናቸው ልዩነታቸው ለጆሮ ቀጭን ነው፤ በሎጂክ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። በ«ከሆነ» የተዘጋ ሐረግ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ በ«ስለሆነ» የተዘጋው ግን እውነትነቱ ተቀባይነት ያገኘ ምክንያት ነው። ከዚህም የጠበበ ልዩነት አለ። «ስለሆነ» ምክንያትን ይዘጋል፣ «ስለሆነም» ውጤትን ይከፍታል፤ የሚለያቸው አንዲት «ም» ናት።

ሁለት ጎኖቹ ሀለ እና ሀመ እኩል የሆኑትን ጎነ ሦስት ሀለመ እንውሰድ፤ በለ እና በመ ላይ ያሉት ዘዌዎች እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ። ቅርጽ ያልተሰጠው ተማሪ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ሀለ ከሀመ ጋር እኩል ነው። ሠ የለመ መካከለኛ ነጥብ ነው። ለሠ ከሠመ ጋር እኩል ነው። ዘዌዎቹ እኩል ናቸው።» እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም፣ ሁሉም በ«ነው» ተዘግቶ ማን ማንን እንደሚሸከም አይታይምና። የተስተካከለው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ሠ የለመ መካከለኛ ነጥብ ይሁን። ሀለ ከሀመ ጋር እኩል እንደሆነ ስለተሰጠ፣ ለሠ ከሠመ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሀሠም የጋራ ጎን ስለሆነ፣ ጎነ ሦስት ሀለሠ እና ጎነ ሦስት ሀመሠ ልክ ለልክ ይገጣጠማሉ። ስለሆነም ዘዌዎቹ እኩል ናቸው።» የተጨመረው ዋና ነገር ማያያዣ ነው።

«ማረጋገጫ» የሚለው ስያሜ ራሱ ሌላ እክል አለበት። ዘዌዎቹን በፕሮትራክተር ለክቶ እኩልነታቸውን ያየ ተማሪም «አረጋገጥሁ» ቢል አማርኛው አይከለክለውም። ዐረብኛ ለማጣራት «ተሕቂቅ»ን፣ ለአመክንዮአዊው ሥራ «ቡርሃን»ን ለይቶ ይዟል፤ አማርኛው ሁለቱን በአንድ ግሥ ሲጠራቸው ልዩነቱን የማስተማር ሸክም በመምህሩ ላይ ይወድቃል።

አማርኛ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። በተቃርኖ ለማረጋገጥ ሁለት የተለዩ መሣሪያዎች አሉት። «ሁለት የተለያዩ ቀጥታ መስመሮች በሁለት ነጥቦች ይገናኛሉ እንበል» ሲባል ግምቱ ክፍት ሆኖ ይቀርባል፤ ተቃርኖው ከታየ በኋላ «ቢገናኙ ኖሮ በሁለት ነጥቦች ሁለት ቀጥታ መስመሮች ባለፉ ነበር» ሲባል ግምቱ ይወድቃል። «ኖሮ» ሐሰትነቱን አስቀድሞ ስለሚናገር በመክፈቻው ላይ ከገባ ማረጋገጫው ሳይጀመር ያልቃል። ይህን ቅደም ተከተል ማስተማር ከውጭ መበደር አያስፈልገውም።

መበደር የማያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የአንድምታ ሐተታ «ለምን ቢሉ» እያለ አባባሉን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። ይህ በሐረጉ መነሻ ላይ የሚቆም፣ የሚመጣው ምክንያት መሆኑን አስቀድሞ የሚያስታውቅ ምልክት ነው፤ ሥራው ከ«ቢማ አንና» ጋር ይቀራረባል። የዛሬው «ምክንያቱም» የያዘው ቦታም ይኸው ነው።

የካርቱም ቅርጽም ነቀፋ አያጣውም። ተማሪው በቤቱ «ዐሻን» እያለ ምክንያት ይሰጣል፣ በደብተሩ «ቢማ አንና» ይጽፋል፤ ቀመሩ ተሸምድዶ ባዶውን ሊደረደርም ይችላል። በጃም ሆነ ኖቢን ግሥን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡ ናቸውና፣ አፉን በእነርሱ የፈታ የካርቱም ልጅ የሐረግን ሥራ ከመነሻው ማስታወቅን እንደ አዲስ ልማድ ይማራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ምክንያት ከካርቱም ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረ ተማሪ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይገጥመዋል፤ ማረጋገጫ ማዋቀር ያውቃል፣ ማያያዣው ግን በእጁ የለም።

በኢትዮጵያ ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚሻገር የአማርኛው ማረጋገጫ ትኩረት ሳያገኝ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ልጁ «ከሆነ»ን ከ«ስለሆነ» መለየት ያለበት ከዚያ በፊት፣ በሚያስብበት ቋንቋ ነው። ቀጣዩ የሙያ ቃላት ሥራ ከስሞቹ ዝርዝር ጎን ለጎን የ«ይሁን»ን፣ የ«እንበል»ን፣ የ«ስለሆነ»ን፣ የ«ስለሆነም»ን እና የ«ለምን ቢሉ»ን አገባብ በምሳሌ አስደግፎ ቢያቀርብ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ጭማሪ ነው።