ሻካራው ድምፅ የት ገባ?

ከወልድያ ተነስቶ በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ቆቦ ይገባል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በመካከላቸው የማሽላና የጤፍ ሜዳ ነው። የከተማው ሙዚቃ ወዳድ ይህን አገር የሚያውቀው በትከሻ ነው። ራያ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ምቱና ጭፈራው ነው። ራያ ግን የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚደመጥም አገር ነው። ለመሆኑ የራያ ዘፈን በሠርግ ድንኳን ውስጥ በአንድ ኪቦርድ ሲታጀብ የሚቀረው ምንድን ነው?

ምቱ ይቀራል፤ ዜማውም በመጠኑ ይቀራል። የሚጠፋው የድምፁ ገላ ነው። የብዙ እጅ ጭብጨባ ፈጽሞ እኩል አያርፍም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ከዚያም ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ይወጣል። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ የሚመልሱት በአንድ ጉሮሮ አይደለም። የከበሮው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይወጠራል፣ ማታ ይላላል። መሲንቆ ደግሞ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክርና ሌላ የፈረስ ጭራ ደጋን ነው። ጭራ በጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ድምፅ ከዜማው ሥር የሚሄድ ትንፋሽ አለው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው ልጅም የወንጭፉን ጩኸት ሜዳው እንዴት ተቀብሎ እንደሚመልሰው ያውቃል። ይህ ሁሉ ሻካራ ነው፤ ሻካራነቱ ግን ጉድለት አይደለም።

ጉድለት አለመሆኑን በገና ያስረዳናል። አሥሩ የበገና አውታሮች በርኩማው ላይ ሲያልፉ በእያንዳንዳቸው ሥር እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው እንዝራውን ወደፊት ወደኋላ እያለ ቦታውን ይፈልጋል። ቦታው ሲገኝ አውታሩ በርኩማውን እየነካካ ይርገበገባል፤ ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያስተጋባው ወፍራም ድምፅም ይወለዳል። እንዝራው ቢወጣ በገናው ይጠራል፤ ነገር ግን በገናነቱ ይቀራል። በሕንድም ታንፑራ የሚባለው መሣሪያ ከአውታሩና ከድልድዩ መካከል ቀጭን የጥጥ ክር ይገባበትና በተመሳሳይ መንገድ ይጮኻል። ሁለት ሕዝቦች በቆዳና በክር አንድ ነገር አስበዋል፦ ያልተቋረጠ ድምፅ ሕይወት የሚኖረው ውስጡ ሲንቀሳቀስ ነው።

ያልተቋረጠውን ድምፅ ፈረንጆቹ «ድሮን» ይሉታል። ይህ ቃል ግን ለራያ ሰው ሌላ ትርጉም አለው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ በኩል አልፏል፤ ለሰሜኑ ሰው ድሮን ማለት ከሰማይ የሚሰማ የሰው አልባ አውሮፕላን ድምፅ ነው። ስለዚህ ቃሉን ለአውሮፕላኑ እንተውለትና እኛ ስለ ድምፁ እንነጋገር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ ሞጁላር ሲንተሳይዘር የሚባለውን መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ያሉት ነው፤ አንዱ ድምፅ ያመነጫል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሦስተኛው ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሙዚቀኛው ክፍሎቹን በገመድ እያገናኘ የራሱን ድምፅ ይገነባል። ቡክላ የፒያኖ ቁልፍ እንዲገባበት አልፈለገም፤ ቁልፉ ከገባ ጣት ወደለመደው እንደሚመለስ ያውቅ ነበር። ዛሬ በዚህ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች የሚርገበገብ፣ የሚቧጥጥ፣ ሰዓት ሙሉ የሚቆይ ድምፅ የሚያወጡ ክፍሎችን በውድ ዋጋ ይገዛሉ። እነሱ ሻካራነትን በገንዘብ ሲሸምቱ እኛ ለስላሳነትን ገዝተን ሻካራውን ጣልን።

የሚያስቆጨው መንገዱ በእኛ ደጅ ያለፈ መሆኑ ነው። ግብጻዊው ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ወደ ዛር ሥርዓት ሄደ። የሴቶቹን ድምፅ ቀዳ፤ ስቱዲዮ ወስዶም የድምፁን መሠረት እየቆረጠ የላይኛውን ጭራ ብቻ አስቀረ፣ አስተጋባውም። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት ከመጀመሩ 4 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ዛር ደግሞ ለወሎም ሆነ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። ይኸው ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ከኦርኬስትራው የቀረልን መድረኩ ነው፤ መቅጃውን ይዞ ወደ ድምፁ ቦታ የመሄዱን ነገር ግን አልወረስነውም።

በኪቦርዱ ላይ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይሆንም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ትልቅ ባንድ ማስተዳደርም ከባድ ሆነ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አንድ ሰው ከነኪቦርዱ የባንዱን ቦታ ሲይዝ ብዙ ዘፋኝ እንጀራ አግኝቶበታል። መሣሪያውም ቢሆን እንደያዡ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ሲያዋህድ፣ የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ በማሽኑ ውስጥ እንዲሰማ ተወው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በሌላው ዓለም አዲስ አድማጭ ያገኘው ያለምክንያት አይደለም።

የእኛ ችግር ማሽኑ ሲመጣ አብሮት የመጣውን ልክ ሳንጠይቅ መቀበላችን ነው። ኪቦርድ ድምፅን በ12 እኩል ደረጃ ይከፍላል። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ በወሎ የቦታ ስም የያዙ ናቸው፤ አንቺሆዬም በመሲንቆ ሲወጣ በእኩል ደረጃ አይሄድም። ጣት በሁለቱ ቁልፎች መካከል የሚያገኘውን ድምፅ ቁልፉ የለውም። የሌለውን ደጋግሞ ያልሰማ ልጅ ደግሞ አያቱ ሲዘፍኑ «ቅኝት ሳቱ» ይላል። የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። የጠፋ ካሴት ፈልጎ ይገኝ ይሆናል፤ ሻካራውን ድምፅ እንደ ስህተት መቁጠር የለመደ ጆሮ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ከአዲሶቹ መካከል ተስፋ የሚሰጡ አሉ። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው «ዘላለም»፣ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በሥራዎቹ፣ የአገር ቤቱን ድምፅ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኙ ለጭፈራ ብቻ አይቸኩሉም። «ዘላለም» ድምፁን ያቆየዋል፤ አድማጩ ውስጡ እስኪገባ ይጠብቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የዚህ ሙዚቃ መነሻ ከተማ ነው። ራያን የመሰለው ቆላ ሲጠራ የሚጠራው እስካሁን ምት እንዲያዋጣ ነው። ሌላም አደጋ አለ፤ የሁዳዴን በገና ሁለት ሰኮንድ ቆርጦ ለጭፈራ ቤት ማቅረብ እንዝራውን ይወስድና ጸሎቱን ይጥላል። ከዚያ ይልቅ በገናው ያስተማረንን መማር ይሻላል።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ድምፅን ከማረም በፊት መስማት። ትንሽ ማይክሮፎን መሲንቆው ቆዳ ላይ ለጥፎ የጭራውን ፍትጊያ መቅዳት፣ ጭብጨባውን እኩል ሳያደርጉ መተው፣ የማሽኑን ድምፅ ለመሲንቆው መቃኘት እንጂ መሲንቆውን ለማሽኑ አለመቃኘት፣ የተቀዳው ሲታተምም የቀዪውን ስምና ድርሻ መጻፍ። ይህን ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዛሬ በእጅ ስልክም ይጀመራል። በገና ሠሪው ለአንዲት ቁራጭ ቆዳ ቦታ ፍለጋ ያን ያህል ከተጨነቀ፣ ስቱዲዮዎቻችንም ለአንድ የቆቦ መሲንቆ ትንሽ ትዕግሥት አያጡም።