መውደድና መያዣው፦ «አፌክሽን» ከደብረ ታቦር አማርኛ ጋር ሲነጻጸር

የእንግሊዝኛው «አፌክሽን» በአማርኛ ምን እንደሚባል መዝገበ ቃላት ብንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልስ እናገኛለን፦ ፍቅር፣ መውደድ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ደብረ ታቦር ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ አያት ለልጅ ልጇ ያላትን ስሜት ስትገልጽ «እወድሃለሁ» የምትለው ከስንት አንዴ ነው። «አፈር ስሆን፣ ብላ» ትለዋለች። «በሞቴ» ትላለች፤ ሲወድቅ «እኔን!» ብላ ትነሣለች፤ ሲሄድ «ክፉህን አያሳየኝ» ብላ ትሸኘዋለች። በእነዚህ አነጋገሮች ውስጥ የስሜት ስም የለም፤ ያለው መያዣ ነው። ተናጋሪዋ ሞቷንና አካሏን አስይዛ ትለምናለች፤ ያቺን ጉርሻ እምቢ ማለትም ቀላል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይኸው ነው፦ የደጋው አማርኛ መውደድን የሚናገረው ወዳጁንም ተወዳጁንም በሚያስር ቃል ነው፤ የዛሬው አፌክሽን ግን ማንንም አያስርም።

እንግሊዝኛው ቃል ራሱ ከጥንት እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። የላቲን ሥሩ አንድን ነገር መንካትን፣ በላዩ ላይ ማድረስን ያመለክታል፤ ሳንባን ወይም ልብን ለሚነካ ሕመም ጭምር ሲያገለግል ኖሯል። የነገረ መለኮት ሊቁ ጆናታን ኤድዋርድስ በ1746 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖታዊ አፌክሽኖች ሲጽፍ ቃሉ የነፍስን ብርቱ ዝንባሌ የሚገልጽ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ቶማስ ዲክሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ኢሞሽን» የሚለው ቃል የ«ፓሽን»ንና የ«አፌክሽን»ን ሰፊ ግዛት ወረሰ። ለአፌክሽን የተረፈው ለአክስትም ለድመትም የሚሆን ረጋ ያለ የግል ስሜት ነው።

እንግሊዝኛው የጣለውን ያንን «መነካት» አማርኛ በሰዋስዉ ውስጥ ጠብቆታል። «እናቴ ናፈቀችኝ» ስንል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት እናት ናት፤ ናፋቂው ተሳቢ ሆኖ ይቀርባል። ናፍቆት ሰው የሚያደርገው ሳይሆን የሚደርስበት ነው። «አንጀቴን በላው»፣ «ሆዴ ባባ» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ስሜቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን «መሳሳት» ይመስለኛል። ስስት ንፍገትም ነው፤ ስስታም ሰው ያለውን ለማካፈል የሚቸገር ነው። ይኸው ቃል «ይሳሳላታል» ሲባል በጣም ከረቀቁት የመውደድ ቃሎች አንዱ ይሆናል፤ የሚወዱት ሰው እንዳያልቅ፣ እንዳይጎዳ የሚፈራ መውደድ። የእንግሊዝኛዎቹ «ፎንድነስ»ም ሆነ «ቴንደርነስ» ይህን ፍርሃት አይዙም። «ለ» የምትለዋም ፊደል ሥራዋ ቀላል አይደለም፦ ይሳሳለታል፣ ይጨነቅለታል፣ ይራራለታል። ድርጊቱ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው የተደረገ ነው።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የደብረ ታቦር ታሪክ ያሳየናል። ከተማዋን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ፣ ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ በ1979 እ.ኤ.አ. ካሳተሟቸው የንጉሠ ነገሥቱ የአማርኛ ደብዳቤዎች ጋር ሊነበብ ይችላል። በደብዳቤው ንጉሡ፣ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንና ሊቀ መኳስ የተባለው እንግሊዛዊ ጆን ቤል ክርስቲያኖችን ስለምትወድ ታላቅ ንግሥት እንደነገሯቸው፣ በዚህም ደስ ብሏቸው ለሁለቱ ፍቅራቸውን እንደሰጡ ይተርካሉ። ሁለቱም በ1860 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። ቴዎድሮስም ገዳዮቹን የገዛ ራሳቸው የሥጋ ዘመዶች ሆነው ሳለ እንዳጠፏቸው፣ ይህንም ያደረጉት የንግሥቲቱን ወዳጅነት ለማግኘት እንደሆነ ይገልጻሉ። እዚህ ላይ ፍቅር ተሰጥቷል፣ በደም ተረጋግጧል፣ መልስም ይጠበቅበታል። የለንደን ሹማምንት ደብዳቤውን እንደ አንድ ተራ የወዳጅነት ጨዋነት አይተው ያለ መልስ አስቀመጡት። ለእነሱ «ፍሬንድሺፕ» ውል እስኪፈረም ድረስ ባዶ ቃል ነበር፤ ለጸሐፊው ግን ውሉ አስቀድሞ ተፈጽሟል።

በኋላ በእንግሊዝና በቴዎድሮስ መካከል የተነሣውን ጦርነት የቃል አለመግባባት አመጣው ማለቴ አይደለም። የእንግሊዝ የቀይ ባሕር ፖለቲካ ነበር፤ የቴዎድሮስም ጭካኔ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን በ1864 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ታሰረ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የዘገየውን መልስ ይዞ በ1866 እ.ኤ.አ. ከመጣ በኋላ በጋፋትና በደብረ ታቦር ቆይቶ ወደ መቅደላ አምባ ተወሰደ፤ በመታሰሩም ዘመን ከንጉሡ የወዳጅነት ቃል አልተቋረጠበትም። አውሮፓውያን አንባቢዎች ይህን እብደት ወይም ግብዝነት ይሉታል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ መያዣ ያለው መውደድ ሲከፋ ሰውን ራሱን መያዣ ያደርጋል። የዚህ ቋንቋ ውበትና አደጋ አንድ ሥር አላቸው፤ ውበቱን ብቻ ማወደስ ታማኝ ሂስ አይሆንም። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ።

ከቤተ መንግሥት ውጭ ያለው ኑሮ ግን ይህን ማሰሪያ ሲያለዝበው ኖሯል። ከክርስትና አባትነት የሚወለደው አበልጅነት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አበልጅ ሥጋ ዘመድ ሳይሆን የዘመድ ግዴታ አለበት፤ ከከተማዋ ጋር ስም በሚጋራው የነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል የሚቆረሰው ሙልሙልም ከልጆቹ ጨዋታ ባሻገር ይህን ዝምድና ያድሳል። ይህን ሁሉ «አፌክሽን» ብሎ መተርጎም ምግባሩን ጥሎ ስሜቱን ብቻ ማንሣት ነው።

እንግሊዛዊት አያት መውደዷ ያነሰ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ልዩነቱ ቋንቋው ጮክ ተብሎ እንዲነገር በሚያስገድደው ነገር ላይ እንጂ በልብ ላይ አይደለም። የዛሬ የደብረ ታቦር ወጣቶችም በስልክ «እወድሻለሁ» ይባባላሉ፤ ይህም አማርኛ ነው፣ የሚነቀፍ የለውም። የሚያሳስበኝ «አፈር ስሆን» የሚሉት አፎች እያነሱ ሳለ መዝገበ ቃላቶቻችን ዛሬም ቃልን በቃል ብቻ ማጣመራቸው ነው። ስለዚህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራንና ተማሪዎች በፋርጣና በአጎራባች ወረዳዎች ያሉ አረጋውያንን አነጋገር፣ ማን ለማን በምን ጊዜ እንዳለው ጭምር፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ቀድተው እንዲያስቀምጡ አደራ እላለሁ።