«ጥቅስ» ወይስ «ጥቆማ»?

በቲም ሺርድና በሳይመን ፔይተን ጆንስ በ2002 እ.ኤ.አ. የቀረበው ቴምፕሌት ሃስኬል፣ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ በሚመለስበት ጊዜ ሌላ የፕሮግራም ክፍል የሚያመነጭ ሥልት ነው። በዚህ ሥልት ከስም ፊት የሚገባ አንድ የጥቅስ ምልክት እሴትን፣ ሁለት ምልክት ደግሞ ዐይነትን ያመለክታል፤ በራያ «ቆቦ» ሲባል ከተማውም ወረዳውም እንደሚጠራ ሁሉ፣ እሴትና ዐይነት አንድ ስም ሊጋሩ ይችላሉና።

ምልክቱን ተከትሎ ስያሜውን «ጥቅስ» ማለት ግን ያሳስታል። ጥቅስ ቃልን ይደግማል። በፊደል ብቻ የተላለፈ ስም በደረሰበት ስፍራ ሞክሼ ቢያገኝ ለዚያ ያድራል፤ ምልክቱ ያለበት ስም ግን በተጻፈበት ስፍራ የታሰረለትን አይለቅም። ይህ «ጥቆማ» ነው። ቃሉ የወንጀል ጥቆማን ያስታውሳል ቢባልም፣ መሠረተ ትርጉሙ ማመልከት ስለ ሆነ ሊመረጥ ይገባዋል።