የሚለበስ አንቴና በምን ላይ ይለካ?

በልብስ ላይ የሚሰፋ ወይም በክንድ የሚታሰር አንቴና የሕመምተኛን የሰውነት ሙቀትና የልብ ትርታ በራዲዮ ሞገድ ለማስተላለፍ እንደሚረዳ የታወቀ ነው። ስለዚሁ ከሚቀርቡት ዘገባዎች በአንዳንዶቹ ዘንድ ግን አንድ የአለካክ ጉድለት እናገኛለን፤ ይኸውም አንቴናውን በአየር ላይ ለብቻው አቁሞ፥ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ኃይል ብቻ መለካት ነው።

ከተላከው ኃይል ከ10 እጅ 1ዱ ብቻ ቢመለስ አንቴናው መልካም ነው ይባላል። ይህ ቍጥር ግን 9ኙ እጅ ወደ አንቴናው መግባቱን እንጂ ከዚያ ወዴት እንደ ሄደ አይነግረንም። ፐርሚቲቪቲ የሚባለው ባሕርይ በ2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ሲለካ የሰው ጡንቻ ከአየር 53 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ ሰውነት አንቴናው የሚሠራበትን ድግግሞሽ ያዛባል፤ ኃይሉንም ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀራል። ሰውነት የዋጠው ኃይል ወደ መለኪያው ስለማይመለስ፥ ውጤቱ እንዲያውም የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከ9ኙ እጅ 8ቱ ቢዋጥ የሚሰራጨው 1 እጅ ነው፤ መልእክቱም ባልተከለለ ስፍራ የሚደርስበት ርቀት ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ሃሮልድ ዊለር በ1959 እ.ኤ.አ. የገለጸው ዘዴ፥ ማለት አንቴናውን በብረት ክዳን ሸፍኖ የሚባክነውን ኃይል ከሚሰራጨው መለየት፥ ለብቻው ለቆመ ትንሽ አንቴና የሚረዳ ነው። ሆኖም ክዳኑ ሞገዱ ወደ ሰውነት የሚገባበትን ሁኔታ ስለሚለውጥ፥ ለተለበሰ አንቴና እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም። የመለኪያው ኬብልም ራሱ ሞገድ እያሰራጨ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አስተላላፊ ከአንቴናው ጋር አያይዞ መለካት ይመረጣል።

የሰው አካል ልዩ ልዩ ስለ ሆነ በሰው ላይ የተለካ ነገር ለመድገም ያስቸግራል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው። መፍትሔው ግን ወደ አየር መሸሽ ሳይሆን፥ ከውሃ፥ ከጨውና ከስኳር ተቀምሞ ሰውነትን በሚመስል ነገር ላይ መለካት፥ ቀጥሎም ውጤቱን በልዩ ልዩ ሰዎች ላይ ማረጋገጥ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ምን እንደሚጠቅም ለማየት ይፋግን እንውሰድ። ይፋግ በሚገኝበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ2005 እ.ኤ.አ. የካላ አዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ይህ በሽታ ለብዙ ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት ያስከትላል። እንዲህ ያለውን ትኩሳት የሚከታተል መሣሪያ ቢሠራ፥ በአካባቢው ከሚለብሱት አንዱ ክረምት ርብ ሞልቶ በሚፈስበት በፎገራ ሜዳ፥ ከሩዝ ማሳ ውስጥ ቆሞ የሚያርም ገበሬ ነው። ልብሱ በላብና በዝናብ ይርሳል፤ የውሃ ፐርሚቲቪቲ ደግሞ ከአየር 70 እጥፍ ይበልጣል። በደረቅ ጨርቅና በአየር ላይ ብቻ የተመሰገነ አንቴና የዚህን ሰው ትኩሳት ለጤና ጣቢያው ሳያሰማ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ አንቴና ሠርተው የሚያቀርቡ ጓደኞቻችን ከቆዳ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር፥ የጨርቁን እርጥበትና የተሰራጨውን ኃይል ከተላከው ኃይል ጋር አነጻጽረው እንዲገልጹ ለማሳሰብ እንወዳለን።