የፊደል ገበታና የልጆች የእጅ ጽሕፈት

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለውን የፊደል ገበታ ሊተች የሚነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኛ ግን በዚህች ጽሑፍ እንደ ማናቸውም የማስተማሪያ መጽሐፍ ልንመረምረው አስበናል። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ገበታው የንባብ መሣሪያ ሆኖ ሳለ መጻፍንም ያስተምራል ተብሎ ስለሚታመን፥ እጁ ያልታዘዘለት ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ይቀራል።

ገበታው በሥራው አይነቀፍም። 33ቱን ፊደላት በ7 ረድፍ አሰልፎ 231 ቅርጾችን ለዓይንና ለጆሮ ያስለምዳል። በረድፍ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ለይቶ እንዳላወቀ አባቶች ስለ ተረዱ፥ ተራውን የሚያዘበራርቀውን አቡጊዳን ጨመሩበት። ይህ ታላቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ፤ ዳዊት ከደገሙት መካከል ብዕር ቀርጾ ቁም ጽሕፈት የሚማረው ጥቂቱ ነበር። ዛሬ ሁለቱን ሥራ በአንድ ገበታ ላይ ጫንንበት። ጭረቱ ከየት ይጀምራል? ቀድሞ የሚወርደው ግራው እግር ነው ወይስ ቀኙ? ገበታው ስለዚህ አንዳች አይናገርም።

«በ»ን እንውሰድ። ግራ እግሩ ሲያጥር «ባ» ነው፤ ቀኝ እግሩ ሲያጥር «ቦ» ነው። ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ቢጨመርበት «ቡ»፥ ያው ጭረት ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ቢወርድ «ቢ» ይሆናል። «ባ»ና «ቦ» እንግዲህ በመስተዋት እንደሚተያዩ ናቸው።

ከመካከላችን አንዱ የሚያውቃት የ2ኛ ክፍል ተማሪ «አበባ» ጻፊ ስትባል «አበቦ» ትጽፋለች፤ አንዳንድ ቀንም «አባበ»። መምህሯ «ፊደል አታውቅም» ብለው በቀይ ሰርዘውባታል። ዳሩ ግን ገበታው ላይ በዘንግ ሲያመለክቷት ሁሉን ታነባለች፤ በቃል ስትጠየቅም ከጓደኞቿ አታንስም። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ ቅርጹን አይስትም፤ ነገር ግን እርሳሱን እስኪሰብር ይጫናል፥ ሁለት መስመር ሳይሞላ እጁ ይዝላል። የሁለቱም ማርክ አንድ ነው። የእርሷ ችግር የቅርጽን አቅጣጫ በማስታወስ ላይ ሲሆን፥ የእርሱ ጣቶቹን በመግዛት ላይ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መዝገብ እንኳ የጽሕፈት ትምህርት ችግርና የሰውነት እንቅስቃሴ ቅንብር ችግር በተለያየ ክፍል ተመዝግበዋል።

ታዲያ የውጭ አገር መመርመሪያ ተርጉመን እንጠቀም የሚል ይኖራል። አይበቃም። የእንግሊዝኛው መመርመሪያ ልጁ ፊደል ማያያዙን፥ ትልቁን ከትንሹ ፊደል አለመቀላቀሉን ይጠይቃል፤ የእኛ ፊደል አይያያዝም፥ ትልቅና ትንሽም የለውም። የእግር ርዝመትን ግን ማን ይጠይቅልን?

«መቶ ጊዜ ጻፍ» የሚባለውን ቅጣት በተለይ እንቃወማለን። አነሣሡ የተሳሳተ እጅ መቶ ጊዜ ቢመላለስ ስሕተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም። ደግሞም ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ፊደል ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ከብዙዎቹም በጊዜው ይለቃል። መመርመር የሚገባው ከዚያ በኋላ ሳይለቅ የቀረው ነው።

የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። ከንባቡ ገበታ ጎን የጭረቱን መነሻና አወራረድ በቀስት የሚያሳይ ሁለተኛ ገበታ ይሰቀል። እስከዚያ ድረስ በጽሕፈት የወደቀ ልጅ ማርኩ ከመሰጠቱ በፊት በቃል ይጠየቅ። የደብተሩም ነገር አለ፤ አንዷ መስመር ረጅሙ እግር የት እንዲቆም ታሳያለች፥ አጭሩ የት እንዲቀር ግን አታሳይም፤ በላይዋ አንዲት ቀጭን መስመር ማስመር ለመምህሩ የደቂቃ ሥራ ነው።