ስለ አሮጌ የጦር ዓርማዎች አሰባሰብ

ከቁልቋል በር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በጠዳ ያልፋል። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢጣልያ ምሽግ በቁልቋል በር ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ጎንደር ተያዘች። ስለዚህ በጠዳ አሮጌ የጦር ዓርማ ቢገኝ አያስደንቅም። እኔም በአንድ ሽማግሌ ቤት በቆርቆሮ የተቀመጡ ሦስት ዓርማዎች አየሁ፤ ሁለቱ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሲሆኑ፣ አንዱ ነበልባል የሚተፋ ቦምብ ነው።

ዓርማ ሰብሳቢ ይህን ቢያይ ፈጥኖ ይፈርዳል። ኮከቡን የኢጣልያ መደበኛ ወታደር በኮሌታው ያደርገው ነበር፤ ጥቁር ሸሚዞች ግን በኮከብ ፈንታ የፋሽስቱን በትርና መጥረቢያ ያደርጉ ነበር። ነበልባሉ የካራቢኔሪ ነው፤ ካራቢኔሪዎችም በቁልቋል በር ተዋግተዋል። እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ኮከብ ወታደሩ የማን እንደ ነበረ እንጂ በየትኛው ሻለቃ እንደ ነበረ አይናገርም። ይህን ሊነግረን የሚችለው ዓርማው የተገኘበት ቦታ ነው። ሽማግሌውን ከወዴት አገኙት ብዬ ብጠይቃቸው «ከገበያ ነዋ!» አሉኝ።

ከዚህ የሚብሰው ጕድለት ሌላ ነው። የኤርትራ አስካሪ ሻለቆች የሚለዩት በመቀነታቸው ቀለም ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌ በሞተው በሻለቃ ቶዜሊ ስም የተጠራው አራተኛው ሻለቃ ጥቁር ይታጠቅ ነበር። ብረት በአፈር ውስጥ ይቆያል፣ ጨርቅ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ ቆርቆሮው ስለ ነጩ ወታደር ብዙ፣ ስለ አስካሪው ጥቂት ይናገራል፤ ስለ አርበኛው ግን ምንም አይልም። በቁልቋል በር ከእንግሊዝና ከምሥራቅ አፍሪቃ ወታደሮች ጋራ የተሰለፈው አርበኛ በአለቃው ስም ይጠራ ነበር እንጂ በፋብሪካ የተሠራ ዓርማ አልነበረውም። የካራቢኔሪ ሠራዊት የዚያን ቀን ጦርነት በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን ያስበዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ዕለቱ የሚታወቀው በኅዳር ሚካኤል ነው።

ዓርማ ያልተወ ጦር ታሪክ የለውም ማለት ነውን? በ15ኛው መቶ ዓመት ዜና መዋዕል የሚጠቀሰው የጃን አሞራ ጭፍራ፣ አንድ ቍራጭ ብረት ሳያስቀርልን፣ ስሙ በሰሜን ተራራዎች የወረዳ ስም ሆኖ ኖሯል። ሰብሳቢዎች ግን ስምን በቆርቆሮ ማስቀመጥ ስለማይቻል ይመስለኛል፣ ከቍጥር አያገቡትም።

ሽማግሌውን ስሰናበት፣ አባታቸው በማን ስር እንደ ዘመቱ ጠየቅኋቸው። የአለቃውን ስም፣ የፈረሱንም ስም ሳያመነቱ ነገሩኝ። ጽፌ በቆርቆሮው ውስጥ እንዳኖረው ብጠይቃቸው ሣቁ፤ ሆኖም ፈቀዱልኝ።