ጥሬ ሥጋ ክብር፣ ጥሬ ጎመን ነውር

ክረምቱን ስንሸኝ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ” እንላለን። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ምሳሌያዊ አነጋገር የሕዝብ ልቡና መስታወት ነው እል ነበር። በዚህ መስታወት ሲታይ ጎመን የችግር ጊዜ እንግዳ ነው፤ ቀን ሲወጣ ይባረራል። “ጎመን በጤና” ስንል እንኳ ሌላ አጥተን መጽናናታችን ነው።

ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ፣ ሥጋውን በጥሬው ስንቆርጥ ጀግኖች ነን። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ የኖሩትም በዚሁ ጀግንነት ነው። አትክልቱን ግን እስኪሞት እንቀቅለዋለን። ጥሬ ካሮት የሚያኝክ ሰው “ፍየል ሆንክ እንዴ?” ይባላል። በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዲቀበል የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ግን ብዙ እሳት አይወድም። መላው ሩቅ አይደለም፦ ከምስር ወጡ ጎን የቲማቲም ፍትፍት፣ ስንግ ቃሪያ፣ በወቅቱም የሽምብራ እሸት።

“ጥሬ ብሉ” በሚሉን መካሪዎችም ላይ ቅሬታ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ማለቱን ይነግሩናል፤ ደግ ነው። ሰላጣው የት እንደበቀለ ግን ትንፍሽ አይሉም። የአዲስ አበባን ፍሳሽ በሚሸከመው የአቃቂ ወንዝ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። እጥበት ጀርሙን ይቀንስ ይሆናል፤ ቅጠሉ ከአፈር የመጠጠውን ግን ማጠብም ሆነ መቀቀል አያወጣውም።

እና ወዳጆቼ፣ ስለ ወንዙ ሳይናገሩ ስለ ሰላጣ መስበክ ምን ይባላል? ምክሩ ራሱ ገና ጥሬ ነው።